እማዬ የት ትኑር? በገዛ ቤቷ፣ ከልጇ ጋር ወይስ በአረጋውያን መኖሪያ

ዓምና ሰኔ ላይ እናቴ ሻወር ቤት ውስጥ ወደቀች። 79 ዓመቷ ነው። አልተሰበረችም። ዳሌዋ በልዞ ለሳምንት አነከሰች፤ ከዚያ ተሻላት። ድንጋጤው ግን ከእኛ ከልጆቿ አልወጣም። በዚያው ሳምንት ውጭ ሀገር ያለው ወንድሜ ደወለ፣ እህቴ ደወለች፣ አክስታችን መጣች። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ከእንግዲህ እንዴት ብቻዋን ትኖራለች?»

እሷን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም። አራት ኪሎ ካለው ቤቷ አንስቼ ልደታ አካባቢ ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ አመጣኋት። አምስት ወር አብረን ኖርን። ከዚያ ተመልሳ ቤቷ ገባች። በመሃሉ ወንድሜ «ገንዘቡ አያሳስባችሁ፣ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ ፈልጉላት» ስላለ ሄጄ ያየኋቸው ቦታዎችም አሉ። መሃል ከተማ የሚኖር አባት ወይም እናት ላላችሁ፣ በዚህ አንድ ዓመት ያየሁትን አማራጭ በአማራጭ ላካፍላችሁ።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። እኛ ሰውን በሁለት እንከፍላለን፦ «ራሱን የቻለ» እና «የሰው እጅ የሚያይ»። ይሄ አከፋፈል ብዙ አሳስቶኛል። እርዳታ መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ በራስ ጉዳይ መወሰን ሌላ ነገር ነው። የእናቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ አባት ከስትሮክ በኋላ ግራ እጃቸው አይሠራም። ሰው ያለብሳቸዋል፣ ሰው ያጥባቸዋል። የእድሩ ዳኛ ግን አሁንም እሳቸው ናቸው። እናቴ ደግሞ እኔ ቤት በነበረችባቸው ወራት እጅ እግሯ ደህና ነበር። ምሳ ምን እንደሚሠራ እንኳን አትወስንም ነበር። ከሁለቱ የሰው እጅ የሚያየው የትኛው ነው?

ስለዚህ አማራጮቹን ስታወዳድሩ ሁለት ጥያቄ ጎን ለጎን ያዙ። ይህ ቦታ የሚያስፈልጋትን እርዳታ ይሰጣታል ወይ? ውሳኔውንስ ለማን ይተዋል?

መጀመሪያ ምን እንደሚያቅታት እወቁ

«ደክማለች» የሚል ቃል አይበቃም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ካትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ነው። ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወይም ከወንበር መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ከእነዚህ ውስጥ ያለ ሰው እርዳታ የሚችሉት ስንቱን ነው?

በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላውተንና ብሮዲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሌላ ዝርዝር ጨመሩ። ይሄኛው ስምንት ነው፦ ስልክ መጠቀም፣ መግዛት፣ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ በትራንስፖርት መሄድ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ፣ ገንዘብን መያዝ።

ወረቀት ይዛችሁ ከእሷ ጋር አብራችሁ ሙሉት። እኔ ስሞላው የገረመኝ፣ እናቴ ስድስቱንም ትችላለች። ከስምንቱ ደግሞ ያቃቷት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ከባድ ልብስ ማጠብና ታክሲ ላይ መውጣት። ለእነዚህ ለሁለቱ ብለን ነው ቤቷን ያስለቀቅናት። ከስድስቱ ሁለት ሦስቱ ከታጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የቀን ብቻ ሳይሆን የማታ ሰውም ያስፈልጋል።

በገዛ ቤቷ መቆየት

ለብዙ የመሃል ከተማ እናቶች የመጀመሪያው ምርጫ ይሄ ነው። ምክንያት አላቸው። እናቴ ቤቷ ስትሆን ጠዋት ቅድስት ሥላሴ ትሳለማለች። ስትመለስ ከጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ ትገዛለች። ቡና ከጎረቤት ጋር ተራ በተራ ነው። አንድ ቀን ካልታየች ሰው በሯን ያንኳኳል። ይህንን የትም ቦታ በገንዘብ አትገዙትም። የሙስሊም ጎረቤቶቿም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ሰፈርን፣ መስጊድንና ጀመዓን ነጣጥሎ ማየት አይቻልም።

አደጋው ያለው ቤቱ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ28 እስከ 35 በመቶው በየዓመቱ ይወድቃሉ። ብዙ ነው። መሃል ከተማ ያሉ አሮጌ ቤቶች ደግሞ ደጃፋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ነው፤ መብራቱ ደካማ ነው። ይህ ሁሉ ግን ይስተካከላል። እኛ ያደረግነው ይሄን ነው፦ ሻወሩና ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ አስበየድን። የሚንሸራተተውን ምንጣፍ አነሳን። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት መብራት ዘረጋን። ሻወር ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥን። አንድ በያጅና አንድ ኤሌክትሪሺያን በሁለት ቀን ጨረሱት። ከሰኔ በፊት ብናደርገው ኖሮ አትወድቅም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሠራተኛ ካስፈለገ ተመላላሽ ወይስ አዳሪ የሚለው ይመጣል። ቀን ቀን ለልብስና ለከባድ ሥራ ከሆነ ተመላላሽ ይበቃል። ማታ የሚያስፈራ ነገር ካለ አዳሪ ይሻላል። በደላላም ቅጠሩ በሰው፣ ተያዥ ጠይቁ፤ የመታወቂያ ኮፒም ያዙ። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ብዙዎቻችን የምንስተው ሌላ ነገር አለ፤ ሠራተኛዋን የሚቀጥረው ማን ነው? በመጀመሪያ እኔ ቀጠርኩ፣ እኔ ከፈልኩ። ልጅቷ እኔን ነው የምትሰማው። እናቴ «ዛሬ ምስር ይሠራ» ስትል «እትዬ እኮ ጎመን ነው ያሉት» ትላት ነበር። እናቴ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። ሁለተኛዋ ስትመጣ ያነጋገረቻት እናቴ ናት። ደሞዙንም በየወሩ በገዛ እጇ ትሰጣታለች። ገንዘቡ ከእኔና ከወንድሜ ይምጣ እንጂ የሚሰጠው እጅ የእሷ ነው። ልዩነቱን በሳምንት ውስጥ አየሁት።

ይሄ ምርጫ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ምድጃ ለኩሳ የምትረሳ ከሆነ፣ ከቤት ወጥታ መንገድ የሚጠፋባት ከሆነ፣ በሌሊት ሁለት ሦስቴ ሰው የሚያነሳት ከሆነ፣ ጎረቤትና ተመላላሽ አይበቁም።

መሃል ከተማ ለምንኖር ሌላም ጉዳይ አለ። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ካዛንቺስን ሲነካ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ቤቱ ከተነሳ «ቤቷ ትቆይ» የሚለው ምርጫ ራሱ ይቀየራል። ያኔ ቤቱን ብቻ አታስቡ። ጎረቤቶቿ ወዴት እንደሄዱ ጠይቁ፤ እድሩ ተበትኗል ወይስ አብሮ ሄዷል? ለአንዳንድ እናት ከልጅ ቤት ይልቅ ጎረቤት የሄደበት ሩቅ ሰፈር ይሻላታል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ለቃ ልጅ ጋ ከመግባቷ በፊት መብቷ ምን እንደሚሆን ወረዳው ላይ አጣሩ። አንዴ ከለቀቁ መመለስ ከባድ ነው።

ከልጅ ጋር መኖር

ባህላችን ይሄን ይወዳል፤ እኔም እወደዋለሁ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ተብለን ነው የተመረቅነው። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር የመጣ ነው። ስለዚህ እናቴን ሳመጣት ደስ ብሎኝ ነው ያመጣኋት።

የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ጂ ፕላስ 4 ስለሆነ የብዙዎቻችሁም እንደዚያው ነው። እናቴ አንዴ ከወጣች መውረድ ትፈራለች። እኔና ባለቤቴ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ሥራ ነን፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ብቻዋን እንዳትሆን አምጥቻት በሳምንት አምስት ቀን ብቻዋን ትውላለች። አራት ኪሎ እያለች እንዲህ ብቻዋን ውላ አታውቅም።

ማታ ስንገባ ደግሞ እንንከባከባታለን። «እማዬ ተይ፣ አትነሺ።» «እኔ አመጣልሻለሁ።» «ቡናውን ልጆቹ ያፍሉት።» ይሄ ፍቅር ነው፤ ግን ጎዳት። በሦስተኛው ወር ከሶፋ ለመነሳት እጇን ትዘረጋልኝ ጀመር። ስትመጣ ብቻዋን ነበር የምትነሳው።

ማርግሬት ባልተስ የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይሄንኑ ለዓመታት አጥንታዋለች። በአረጋውያን ተቋማት ውስጥ ሠራተኞችና ነዋሪዎች ሲገናኙ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። አረጋዊው እርዱኝ ሲል ወይም ሲያቅተው ወዲያው ሰው ይመጣል፣ ያናግረዋል፣ ይረዳዋል። ራሱ ሲለብስ ወይም ራሱ ሲበላ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሰው ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ሳይታወቀው፣ አለመቻል ሰው እንደሚያመጣለት ይማራል። ይህን ሳነብ እናቴ የዘረጋችው እጅ ትዝ አለኝ። ስትነሳ ሳይሆን ስትዘረጋ ነበር አጠገቧ የምቀመጠው።

ሰውነትም ቶሎ ይረሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። በ10 ቀን! «ዕረፊ» ስንል ምን እንደምናስወስዳት አናውቅም።

ከልጅ ጋር መኖር ግን ሊሳካ ይችላል። ያገር ሰው ሲያደርገው ኖሯል። የሚሳካባቸውን ቤቶች ሳይ የሚመሳሰሉባቸው ነገሮች አሉ። እናትየዋ የራሷ ሥራ አላት፤ በርበሬውና ሽሮው የእሷ ነው፣ ወይም የቡናው ረከቦት የሚቀርበው እሷ ስታዝ ነው። የራሷ ክፍል ባይኖራት እንኳን የምትቆልፈው ቁም ሳጥን አላት። የጡረታ ብሯን ራሷ ታወጣለች። እንግዳዋ ሲመጣ የእሷ እንግዳ ነው፤ ለማምጣት ፈቃድ አትጠይቅም። ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ቢሆን ደግሞ ግማሹ ችግር ይቀላል። የራሳችሁን ሦስተኛ ፎቅ አከራይታችሁ ዝቅ ያለ መከራየት የሚያዋጣችሁ ከሆነ አስቡበት።

በመሃል ያለው አማራጭ ብዙ አይነገርለትም፦ ቅርብ ግን ለየብቻ። ልጅየው ያለበት ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት፣ ወይም ሁለት በር አልፎ አንድ ክፍል ኪራይ። ማታ ማታ የልጅ ልጅ እራት ይዞ ይሄዳል፤ በሩ ግን የእሷ ነው። ከሰፈሯ መነሳቷ የግድ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ይሄን ነው።

የአረጋውያን መኖሪያ

ወንድሜ በስልክ ሲነግረኝ በዓይኑ ያለው እሱ ሀገር ያየው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ገና ጠንካራ ሳለ ገብቶ፣ ሲደክም እዚያው ግቢ ውስጥ እርዳታ ወዳለበት ክፍል፣ በመጨረሻ ነርስ ወዳለበት ክፍል የሚዛወርባቸው ትልልቅ መንደሮች አሉ። ሦስት ደረጃ ማለት ነው። እኔ ከተማችን ውስጥ ሄጄ ያየኋቸው ሁለቱ የግል ቦታዎች እንደዚያ አልነበሩም። ቪላ ቤት ናቸው፤ ክፍል ለሁለት ለሦስት ይጋራሉ፤ ነርስና አስታማሚዎች አሉ። ንጹሕ ነበሩ። አስታማሚዎቹም ደግ ናቸው። ግን በአንደኛው ቤት አረጋውያኑ በረንዳ ላይ በአንድ መስመር ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ምንም አይሠራም። አንዲት እናት «ቡና ላፍላ ብላቸው ይቃጠላሉ አሉኝ» አሉኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

በ1976 እ.ኤ.አ. ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቀላል ነገር ሞከሩ። በአንዱ ፎቅ ላሉት «ክፍላችሁንና ቀናችሁን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ» ተባሉ፤ አንድ አንድ ተክል መርጠው ራሳቸው እንዲያጠጡ፣ ፊልም የሚያዩበትን ቀን ራሳቸው እንዲመርጡ ተደረገ። በሌላው ፎቅ ላሉት «እናንተን መንከባከብ የእኛ ኃላፊነት ነው» ተባሉ፤ ተክሉን ነርሶች ያጠጡላቸዋል፣ የፊልሙ ቀን ይነገራቸዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ከ18 ወር በኋላ ከእነሱ 15 በመቶ፣ ከሌሎቹ 30 በመቶ አርፈው ነበር። ሰዎቹ ከመቶ ያነሱ ስለሆኑ በሞቱ ቁጥር ብቻ መደምደም አይቻልም። ግን አንድ ተክል ማጠጣት እንኳን ትርጉም አለው። ለእኛ እናቶች ያ ተክል ቡናው ነው።

ስለዚህ መኖሪያ ስታዩ ስለ አልጋውና ስለ ምግቡ ብቻ አትጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ስትፈልግ ማን ነው የሚፈቅደው? ስልኳ እሷ ጋ ነው የሚቀመጠው? ያለ ቀጠሮ መጥተን ማየት እንችላለን? የምትተኛበትንና የምትነሳበትን ሰዓት ማን ይወስናል? ሁኔታዋ ቢብስ እዚያው ትቆያለች ወይስ «ውሰዷት» ትሉናላችሁ? ማታ ስንት ሰው ነው ተረኛ? ፈቃዳቸውንም በዓይናችሁ እዩ። ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፤ ከወር በኋላ ብትወጣ የተከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚሆን የተጻፈበት ይሁን። ከሁሉ በላይ እሷን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ልክ አልነበረም።

ይሄ ምርጫ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ግን ሳልፈራ እናገራለሁ። የመርሳት በሽታው ከገፋ፣ ለማንሳት ሁለት ሰው ካስፈለገ፣ ልጆቹ በሙሉ ውጭ ከሆኑ፣ ወይም የምታስታምመው ልጅ ራሷ ታማ ከሆነ፣ የሠለጠነ ሰው ያለበት ቤት ከደከመ ቤተሰብ ይሻላል። «ልጆች እያሏት ጣሏት» የሚል ወሬ ይመጣል። በየሁለት ቀኑ የሚጠይቃት ልጅ ያላት እናት አልተጣለችም።

መቄዶንያንና ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ቴሬዛ እህቶች ቤት የሚጠቅስም አለ። እነዚህ ጠያቂና መጠጊያ ላጡ ሰዎች የቆሙ ናቸው። ልጅ ያላት እናት ቦታ መያዝ የለባትም። ይዛችኋት ለመጠየቅና ለማገዝ ሂዱ።

ገንዘቡና ወረቀቱ

ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፤ እናቶቻችን ያን ካለፉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ብዙዎቹ ደግሞ የሚኖሩት በባላቸው ጡረታ ነው፤ ለሚስት የሚቆረጠው የዚያ ግማሽ ነው። የግል መኖሪያም ሆነ አዳሪ ሠራተኛ በዚያ አይከፈልም። ልዩነቱን የሚሞሉት ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ መስጠትን የልጆች ግዴታ ያደርገዋል። ፍርድ ቤት ሳይደርስ ግን እህትና ወንድም ቁጭ ብላችሁ ተከፋፈሉት። ውጭ ያለው ወንድም ገንዘብ ሲልክ፣ እዚህ ያለችው ደግሞ ጊዜዋንና ጉልበቷን ትሰጣለች። ጊዜውም እንደ ገንዘቡ ይቆጠር። ማን ምን እንደሚያደርግ ጻፉት። እኛ ሳንጽፈው ቀርተን ከእህቴ ጋር ለሁለት ወር ተኮራርፈናል።

ውክልናም አለ። አእምሮዋ ጥሩ ሳለ፣ ለማንና ለምን ጉዳይ ውክልና እንደምትሰጥ ራሷ ትወስን። ሰነዶች ማረጋገጫ ስትቀርብ ገብቷት መሆን አለበት። «ሁሉንም ነገር» የሚል ውክልና ከማስፈረም ለባንኩ ብቻ፣ ለቤቱ ጉዳይ ብቻ እያላችሁ ለይታችሁ አስጽፉ።

የመጨረሻው ምክሬ ይሄ ነው፦ ምንም ብትመርጡ አንድ ወር ሞክሩት። በዚያ ወር ቤቷን አታስለቅቁ፣ ዕቃዋን አታከፋፍሉ፣ ከእድሯ አታስወጧት። ወሩ ሲያልቅ የካትዝን ስድስት ነገር መልሳችሁ ሙሉ። ስትገባ የምትችለውን ስትወጣ ካቃታት፣ ቦታው የቱንም ያህል ምቹ ይሁን፣ አልሆናትም።

እናቴ ኅዳር ላይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ተመላላሿ በሳምንት አራት ቀን ትመጣለች፤ ማታ የጎረቤት ተማሪ ልጅ እሷ ጋ ያድራል። እኔ አሁንም ሌሊት ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። ባለፈው እሑድ ደጋግሜ ደውዬ አላነሳች አለች። ኮንትራት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ለካ የእድር ስብሰባ ላይ ናት፤ ቁልፉም እሷው ጋ ነው። ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ ይሁን ብዬ ጠየቅኋት። አሰበችበትና ለጎረቤቷ ሰጠች።